የአይመቸኝም ካፖርት

እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወራው ታሪክ አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውጭ ያካፋል። ከፎቃችን ጀርባ ያለው መጋዘን ዘበኛ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አይቼ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ካፖርት አውጥቼ አለብሰዋለሁ። «ያን ቀን ነው ያወቅኳት» ትላለች እናቴ። «ለራሴ የማትል ልጅ ናት።» እንግዶቹ ወደ እኔ ዞረው ይመርቁኛል። እኔ ጉልበቴን አያለሁ።

ካፖርቱ የማን እንደነበረ አትናገርም። ላርማት ሞክሬያለሁ። «የአክስቴ እኮ ነው፣ እማዬ» ስላት፣ «ታዲያ የቤት ዕቃ አይደል?» ትልና ወደ ምርቃቱ ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት በልጆቼ ፊት አወራችው። ትንሿ ልጄ በአድናቆት አየችኝ፤ ላስረዳት ስጀምር እናቴ አቋረጠችኝ። «ተዪ እባክሽ፤ መመስገን የማትወድ» አለች። ስለዚህ ማንም በማያቋርጠኝ ቦታ ከመጀመሪያው ልናገረው።

እናቴና ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ከምንኖርበት ፎቅ ሥር፣ በመንገዱ በኩል፣ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ። ከኋላ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያው። ሱፍ በእርጥብ ጨርቅ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ፣ ዝናብ የመታው ውሻ ሽታ፣ ዛሬም አንዳንዴ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ይሸተኛል። አባቴ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ስለነበር ቤታችን የሴቶች ቤት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለያለሁ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው እግር ብቻ ነው። የእናቴ እግር ፔዳሉ ላይ ሁልጊዜ ይቸኩላል። የአክስቴ አይቸኩልም።

በእናቴ መኪና አጠገብ አንድ ትልቅ ካርቶን ነበር። «ይቺን ብቻ» እንለው ነበር፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ስለሚል። «እህቴ ሙች፣ ይቺን ብቻ።» ይቺን ዚፕ ብቻ፣ ይቺን ኪስ ብቻ፣ የልጁን ሱሪ ይቺን ጉልበት ብቻ። ሁሉም በነፃ። ካርቶኑ ሞልቶ ሲፈስ እናቴ ሌላ ካርቶን ታመጣለች። አንገቷን እያሸች፣ «ምን ይደረግ፣ ሰው ነው» ትላለች፤ ከዚያ እኔ ውሃ ስደፋ የምትጮኸው ጩኸት ከውሃው ይበልጣል።

በአክስቴ መኪና አጠገብ ካርቶን አልነበረም። ሰው በነፃ የሚሠራ ነገር ይዞ ወደ እሷ ሲዞር፣ ከስፌቷ ቀና ትልና ፈገግ ብላ «አይመቸኝም» ትላለች። ቁጣ የለበትም። ይቅርታም የለበትም። «ነገ ና» የለበትም። ሰዉ ከእናቴ «ነገ» ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል ታበሳጨው ነበር፤ የእናቴ ነገ ሦስት ሳምንት ቢፈጅም። ቀስ በቀስ ስሟ ሆነ። «አይመቸኝም አለች እንዴ ውስጥ?» «አለች፤ አንተ ግን እህትየዋን ጠይቃት።»

ከሁሉም የባሰችባት ከጓሮው በኩል የምትኖር፣ በየወሩ መጋረጃ የምትቀይር አንዲት ሴትዮ ነበረች። ባለመጋረጃዋ እንላታለን። አክስቴ ያን ካፖርት በጠመኔ አስምራ ስትቆርጥ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ» አለች፣ ለእናቴ እየጠቀሰች።

«የእርስዎንም ስቆርጥ አሳንሼ አላውቅም» አለች አክስቴ፣ መቀሱን ሳታቆም። «ያሳነስኩብዎ ካለ ያምጡት፣ ልለካው።»

እናቴ ሳቋን ዋጠች። እኔ አልሳቅኩም። ባለመጋረጃዋ ትክክል መሰለችኝ። አክስቴ የስፌት መርፌ አያያዝ ስታስተምረኝ እንኳ ለምን እንደምታስተምረኝ ጠይቄያት፣ «ለራሴ ብዬ ነው። መርፌ ስትይዢ ወሬ ትቀንሻለሽ» ብላኝ ነበር። እናቴ «ለአንቺ ብዬ» ነበር የምትለው። ሁሉን ነገር ለእኔ ብላ ነበር የምታደርገው፤ ስታበስል፣ ስትሰፋ፣ ሳትተኛ ስትቀር። በዚያ ዕድሜዬ የትኛዋ ደግ እንደሆነች ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገኝም ነበር። በዚያ ቤት ያደረገችልኝን ነገር መልሳ ቆጥራብኝ የማታውቅ ብቸኛ ሰው አክስቴ መሆኗን ያስተዋልኩት እኔ ራሴ እናት ሆኜ መቁጠር ስጀምር ነው።

ካፖርቱ የፈተና ነበር። በሌላ ከተማ የልብስ ቅድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ይቀበላል። ማመልከት የፈለገ አንድ የወንድ ካፖርት፣ ቁጥሩ አርባ ስምንት፣ ከቅዱ እስከ ቁልፉ በገዛ እጁ ሠርቶ ዓርብ ጠዋት ያቀርባል። ያለፈ እዚያው ይቀራል፤ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። አክስቴ ሦስት ወር ሙሉ፣ የደንበኞቿን ሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጥፋ ካስቀመጠች በኋላ፣ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ተኩል ትሠራው ነበር። ግራጫ ወፍራም ሱፍ ነው። ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፍታዋለች። ስትሠራው ታንጎራጉራለች። እሱም ያናድደኝ ነበር፤ እናቴ አጠገቧ የሰው ዚፕ እየቀየረች እንዴት ይዘፈናል?

ዓርብ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ታላቁ አጎቴ መጣ። አጎቴ በአያቴ ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖረው፤ ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ፤ ጫማው ጭቃ ነበረበት።

«እማማ ወድቃለች» አለ። «ዳሌዋን ነው። ተሻላት፤ ግን ከእንግዲህ ብቻዋን አትሆንም። ሰው ያስፈልጋታል።»

«ወይኔ እናቴን» አለች እናቴ።

«ተመካክረን ነው የመጣሁት» አለ አጎቴ። ከማን ጋር እንደተመካከረ አልተናገረም። «ታናሿ ትሂድ። ባል የላት፣ ልጅ የላት። አብራት ትኑር።»

የአክስቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እማማ ራሷ ምን አለች?»

«እናት ምን ትላለች? እናት አትናገርም። አይተሽ ታውቂያለሽ እንጂ።»

«በየወሩ እየሄድኩ አያታለሁ። የሚያግዛት ሰው እንፈልግ ካላችሁ ድርሻዬን እችላለሁ። ሐሙስ ግን ለፈተናዬ እሄዳለሁ።»

«እናትሽ ወድቃ?»

«እዚያ መኖር አይመቸኝም፣ ጋሼ።»

ለታላቅ ወንድሟም አለችው። ከዚያ ባለጭቃው ጫማ ተነሣ። «ለሷ ከራስ በላይ ነፋስ ነው» አለ ለእናቴ፣ አክስቴ እንደሌለች ሁሉ። ከጠረጴዛው ሥር አንገቴን አውጥቼ ከአክስቴ ራስ በላይ አየሁ። ነፋስ የለም። የተሰቀለ ሜትር ብቻ ነበር።

ሲሄድ እናቴ አለቀሰች። አክስቴ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች።

«እትዬ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ ለራሴ አይደለም። ለእማማ ብዬ ነው።»

«ለራስሽ ብትዪ ይሻለኝ ነበር። ምን እንደምትፈልጊ ባውቅ፣ ይሆናል አይሆንም እልሽ ነበር።»

«ሰው ለራሱ ብቻ ከኖረ ከአውሬ በምን ይለያል?»

«ለራስ መኖርና ሰውን መብላት አንድ ነው ያለሽ ማነው? እስቲ በዚህ ቤት ማንን በላሁ?»

እናቴ ከ«ይቺን ብቻ» ውስጥ አንድ ሸሚዝ አወጣች። እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ አክስቴ ካፖርት መስፋት ስለምትወድ አያቴ ትሞታለች።

አያቴ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ጠይቄያታለሁ። «እኔ?» አለች፣ ተቆጥታ። «አጎትሽን ማንም እንዳይመጣብኝ ብዬዋለሁ። ጎረቤቴ ጠዋት ማታ ትገባለች፤ እሷ ትበቃኛለች። እሱ ነው ማታ ማታ ብቅ ብሎ ማየት የታከተው።» አያቴ ተናግራ ነበር። ለእሷ ብለው የተንገበገቡት ሰዎች ናቸው እንጂ ያልሰሟት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። እናቴ ጓሮ ያሰጣችውን ጨርቅ ከካፊያው እየሰበሰበች ነው። አክስቴ ለካፖርቱ የሚስማማ ቁልፍ ፍለጋ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄዳለች። ካፖርቱ አንሶላ ለብሶ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል። አንሶላውን ገለጥኩና ብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ደረጃው ላይ ካለው መስኮት ዘበኛውን አየሁት። የመጋዘኑ በር ላይ በካፊያው ቆሟል፤ ሽማግሌ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድሮ ጆንያ ተሸካሚ የነበረ። እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንጀቴን በላው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ በጣም ትክክልና በጣም ቀላል ነበር፤ ካፖርቱን አቅፌ በጓሮ በር ወጣሁ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ላከሽ?»

«እናቴ» አልኩ።

«እሷማ ትልካለች» አለ። የእናቴን ስም የማያውቅ አልነበረም። ቆቡን አውልቆ፣ ግራ ክንዱን አስገባ፣ ቀኙን እየታገለ አስገባ። ቁልፍ እንደሌለው ያየሁት ያኔ ነው። ኪሱ ውስጥ ካለ የጆንያ ገመድ ቆርጦ ወገቡ ላይ አሰረው። ክንዶቹ ከጎኑ ራቅ ብለው ቆሙ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ በፊት ሰውን በደስታ አስለቅሼ አላውቅም ነበር።

እናቴ እጇ ላይ እርጥብ ጨርቅ ደራርባ ከጓሮው መጣች። ዘበኛው ከሩቅ ጎንበስ አለላት። «እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ፣ እግዜር ልጅሽን ይባርክልሽ።» ቆመች። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ካፖርቱን አየች። ከዚያ «አሜን» አለችና እጇን ራሴ ላይ አደረገች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ከጨርቁ የሚወርደው ውሃ አንገቴ ውስጥ ሲገባ ሁሉ ደስ እያለኝ ነበር።

ይህን ጉዳይ ሳብላላ ሁሌ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። አክስቴ ያንን ኮሌታ በዚያው እሑድ ጠዋት ስትተኩስ ካውያውን ያሞቀችላት እናቴ ናት። የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቀረው ታውቃለች። አሜን አለች። አክስቴ አመሻሽ ላይ ቁልፎቹን ገዝታ መጥታ በቀጥታ ወደ ፎቅ ወጣች። እራት ላይ ቁልፎቹን ለእናቴ አሳየቻት። «ያምራሉ» አለች እናቴ።

ረቡዕ ለምሳ ስመለስ አክስቴ ክፍሉ መሃል ቆማ ነበር፤ አንሶላው እጇ ላይ ነው። ጠዋቱን የአውቶቡስ ትኬት ስትገዛ አርፍዳ ገና መመለሷ ነበር።

«ካፖርቴን አይታችኋል?»

የእናቴ እግር ፔዳሉን መርገጡን አላቋረጠም። እኔ ግን ምስጋናዬን ለማንም ማጋራት አልፈለግኩም። «ለዘበኛው ሰጠሁት» አልኩ። «በርዶት ነበር።»

አክስቴ አልጮኸችም። ወደ እናቴ ዞረች።

«አውቀሽ ነበር?»

«ሰው በርዶት እያየሽ...»

«አውቀሽ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

«እና ምን ላድርግ?» አለች እናቴ፣ መኪናውን አቁማ። «ከሰው ትከሻ ላይ ልብስ ይነጠቃል? ሰው ምን ይላል?»

አክስቴ እጄን ያዘች። አያያዟ አያምም ነበር፤ ግን አይለቅም። በጓሮው በር ወጣን።

መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ የለመንኩት ያን ቀን ነው። ዘበኛው እዚያው በሩ ላይ ነበር፤ በገመዱ ታስሮ፣ ክንዱን ከጎኑ አርቆ።

«አባባ» አለች አክስቴ፣ «ይህ ካፖርት የእኔ ነው። ልጅቷ የሰጠችዎ የራሷን አይደለም። ነገ ለፈተና ይዤው መሄድ አለብኝ፤ ልወስደው ነው የመጣሁት።»

እንዲያ ነው ያለችው። «ይቅር ይበሉኝ» አላለችም፣ «ሌላ እሰጥዎታለሁ» አላለችም። ከላይ መስኮት ተከፈተ። ባለመጋረጃዋ ናት።

«ኧረ አይመቸኝም! ከድሃ ላይ?»

«አዎ፣ ከድሃ ላይ» አለች አክስቴ ቀና ብላ። «እርስዎ ሁለት ካፖርት አለዎት፤ ሁለቱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንዱን ይጣሉለት።»

መስኮቱ ተዘጋ።

ዘበኛው ገመዱን ለመፍታት ታገለ። ጣቶቹ አልታዘዙትም፤ አክስቴ ፈታችለት። ሲያወልቅ የቀኙ እጅጌ ከብብቱ ተተርትሮ፣ ገበሩ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ታየ። «ጠዋት ነው፣ ልጄ» አለ ዘበኛው፤ «የበሩን ቁልፍ ከግድግዳ ላይ ላወርድ ክንዴን ባነሣ ጭርር አለ። እንዴት ብዬ ልናገር።»

«በርዶዎት ነበር?» አለችው አክስቴ።

«ኧረ እኔ ውስጥ ምድጃ አለኝ። ሰው ለማየት ነው ደጅ የምቆም።»

«ይንቀጠቀጡ ነበር» አልኩ እኔ።

ሁለቱን እጆቹን ወደ ፊቱ አነሣና እንደ እንግዳ ነገር አያቸው። «እነዚህ? እነዚህማ በጋም ክረምትም እንዲሁ ናቸው።»

ሲመልስላት ያዘነ መሰለኝ። ለዓመታት በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ አንድ ቀን አስቆመኝና እየሳቀ ነገረኝ፤ ካፖርቱ ብብቱን ይቆርጠው ነበር፣ ክንዱን ማጠፍ ስላልቻለ ዳቦውን አፉ የሚያደርሰው አጎንብሶ ነበር። «እንዳላስከፋሽ ብዬ ነው እንጂ፣ ያኔውኑ አወልቀው ነበር።» እሱ ለእኔ ብሎ ለበሰ። እናቴ ለእሱ ብላ ዝም አለች። በዚያ ካፖርት የሞቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ካፖርቱ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እጅጌ ማስገባት ከልብስ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው፤ የተለጠጠ ሱፍ ደግሞ በእንፋሎት ቀስ እያለ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ትከሻው ይጨማደዳል። የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። አክስቴ ግን ለአሥራ አንድ ሰዓት ለአንድ ደንበኛ የተቀጠረ ሱሪም ነበረባት፤ እግሩ ብቻ ነው የቀረው፣ በእጅ የሚዘመዘም።

«እትዬ» አለች። ከእናቴ የሆነ ነገር ስትለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ካፖርቱን ማንም አይነካልኝም፤ በገዛ እጄ መሆን አለበት። ሱሪውን ግን ጨርሺልኝ። ሁለቱ አብረው አይደርሱልኝም።»

እናቴ ጭኗ ላይ ያለውን የባለመጋረጃዋን መጋረጃ አየች። «ለዛሬ ቃል ገብቼላታለሁ» አለች። «ትቀየመኛለች። ይቺን ልጨርስና...»

አክስቴ ጠበቀች። እናቴ ቀና አላለችም።

«እሺ» አለች አክስቴ።

ለማንም እምቢ የማትል ሴት ለእህቷ እምቢ ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው። ያኔ ግን አላየሁትም። ያየሁት ሥራ የበዛባት እናቴን ነው፤ አንገቷን ስታሽ አሳዘነችኝ።

«እኔ እዘመዝማለሁ» አልኩ።

አክስቴ ሱሪውን አቀበለችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ ሱፉን በእንፋሎት እያስተኛች፣ እኔ በትንሹ በትንሹ፣ እንዳስተማረችኝ፣ ክሩ በውጭ በኩል እንዳይታይ።

«ቅጪኝ» አልኳት።

«አይመቸኝም። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ቀጥ አድርገሽ ስፊ። የምፈልገው እሱን ነው።» ካውያውን አስቀመጠች። «ደግ ተባልሽ፣ አይደል? ያ ደግነት በእኔ ሦስት ወር ነው የተሠራው። የራስሽን ቀሚስ ሰጥተሽው ቢሆን አንድ ቃል አልናገርሽም ነበር። ለምን ሰጠሽው?»

«በርዶት ነበር።»

«እጁ እኮ ነው አለሽ።»

«በርዶት መስሎኝ።»

አየችኝ። አላመነችኝም፤ ግን አልጎተጎተችኝም። «እሺ» አለች። «ሌላ ምክንያት ካገኘሽበት ንገሪኝ። አልቆጣም።»

ሱሪው አሥራ አንድ ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደረሰ። እጅጌው ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ፤ ቁልፎቹ ተተከሉ። ፈታኞቹ የቀኙ ብብት ላይ ድጋሚ የተሰፋውን አይተው ጠይቀዋታል፤ «ተቀዶብኝ ነው የጠገንኩት» አለቻቸው። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንደኛ ሆና ገባች። ዛሬ ሰላሳ ሰው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ዋና ቆራጭ ናት፤ ያገባችው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስለፈለገች። ደስተኛ ሰው ናት። ይህን ስናገር እስካሁን የሆነ ነገር ይከነክነኛል፤ ከሆነ ሰው የወሰደችው ይመስለኛል። እፈልገዋለሁ፤ የተወሰደበትን ሰው አላገኘውም።

እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ። የምሠራበት መዝገብ ቤት ውስጥ የሰዉ ሁሉ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትናንት የማልፈልገውን ሦስት ነገር እሺ ብያለሁ። አንደኛውን ያልኩት ሰውየው ገና ጠይቆኝ ሳይጨርስ ነው። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስለ አንድ ካልሲ ጮኽኩ። ልጆቼ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ምን እላቸዋለሁ? ለእናንተ ብዬ ነው?

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም መናኸሪያ ሄድን። እናቴ ሻንጣውን እኔ ነኝ የምሸከመው ብላ ከአክስቴ እጅ ነጠቀች፤ መንገዱን ሁሉ እያቃሰተች ተሸከመችው። ካፖርቱ በአንሶላው ተጠቅልሎ የአክስቴ ክንድ ላይ ነበር። የአውቶቡሱ ሞተር ተነሥቷል፤ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሰው ይጠራል።

«እትዬ» አለች አክስቴ፣ «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«ምን እነግርሻለሁ። ሂጂ። እኔን አታስቢኝ፣ እችለዋለሁ። አንቺ ብቻ ደስ ይበልሽ።»

«ሌላስ?»

እናቴ ከአክስቴ ትከሻ ላይ የሌለ ክር አነሣች። «ሌላ ምን አለ?» አለች።

ባለፈው ሳምንት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ዕቃ እያጠብን ጠየቅኳት። አክስቴ እንድትሄድብሽ አልፈለግሽም ነበር፣ አይደል፣ እማዬ? ሁለተኛው መኪና ባዶ እንዳይሆንብሽ። ይህን ማለት እኮ ነውር የለውም። የያዘችውን ሳህን ደግማ አለቀለቀችው። «እኔ?» አለች። «እኔ ለእናቴ ብዬ ነው እንጂ ለራሴማ ብዬ አላውቅም።» ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሳህኑን ተቀብያት አደረቅኩ።

አክስቴ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ ቀሚሷን ያዝኩ።

«አክስቴ። ስለበረደው አይደለም።»

ረዳቱ «እንሂድ እንጂ» ይላል። አክስቴ ወረደች። ጎንበስ ብላ ፊቷን ፊቴ አጠገብ አመጣች።

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው የሰጠሁት» አልኳት። «ካፖርቱ ከሌለ አትሄጂም ብዬ። ለአያቴም አይደለም። እኔ ነኝ እንድትሄጂ የማልፈልገው። አትሂጂ።»

«ሰማሁሽ» አለች። ዓይኗ ቀላ። «ይህን ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። እንድቀር መፈለግሽ ደስ ብሎኛል። ግን እሄዳለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ሳመችኝና ገባች። በሩ ተዘጋ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየዞረ ያየን ነበር። እናቴ እጄን ያዘች። «በቃ፣ ሰው ያያል» ትላለች፣ ዓይኗን ከአውቶቡሱ ሳትነቅል። «እኔን አታዪም? አለቀስኩ እኔ?» አውቶቡሱ ወደ ኋላ ወጣ፣ ዞረ፣ ወደ ትልቁ መንገድ ገባ። በሄደ መጠን የእናቴ እጅ ይጠብቅ ነበር፤ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው እስኪጋጩ ድረስ።

«እማዬ» አልኳት፣ «እያመመኝ ነው።»

ወደ እጃችን ተመለከተች፤ የማን እጅ እንደሆነ እንደጠፋት ሁሉ። ከዚያ ለቀቀችኝ።